የኤስኤምኤን ጂን ኤክሶን 7፦ ድራ-ዋን አልቆርጥ ብሎኛል፣ በአርቲ-ፒሲአር ደግሞ ሦስተኛ ባንድ ይመጣል

ላኮመልዛ_ባዮ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። የማስተርስ ሥራዬ በኤስኤምኤን1 እና መንትያው በሆነው ኤስኤምኤን2 ጂን ኤክሶን 7 ላይ ነው (ኤክሶን ኤምአርኤንኤ ውስጥ የሚቀረው የጂን ቁራጭ ነው፣ ኢንትሮን ተቆርጦ የሚወጣው)። ኤስኤምኤን1 ሲጠፋ ኤስኤምኤ የሚባለው፣ የአከርካሪ ሞተር ነርቮችን የሚገድለው የዘር በሽታ ይመጣል። ሁለት ነገር አልሄድ ብሎኛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ ዲኤንኤው። ፎርዋርድ ፕራይመሩ ከኢንትሮን 6 ይነሳል፤ ሪቨርሱ ኤክሶን 7 ላይ የሚያርፈው፣ ሆን ተብሎ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ነው፤ በፈረንጆች ከ1995 ጀምሮ የሚሠራበት የታወቀው የድራ-ዋን (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ዘዴ ማለት ነው፤ የኤስኤምኤን2ን ምርት ወደ 164 እና 24 ቤዝ ይቆርጣል፣ የኤስኤምኤን1ን 188 ላይ ይተወዋል። ፒሲአሩን በሃይ-ፊደሊቲ ኢንዛይም 35 ዙር አስኬድኩት፤ 188 ቤዙ ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ 10 ማይክሮሊትር ምርት ከ10 ዩኒት ድራ-ዋን ጋር፣ 37 ዲግሪ ላይ፣ 2 ሰዓት። በ2 ፐርሰንት አጋሮስ ሳየው የሁሉም ሰው ናሙና 188 ላይ ቆሟል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ አብዛኛው ሰው ኤስኤምኤን2 ስላለው 164ቱ መታየት ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ኢንዛይሙ ሞቶብኝ ይሆን?

ሁለተኛ፣ አርኤንኤው። ከደም አወጣሁ፣ በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚያጠፋ ኢንዛይም) አጸዳሁ፣ ሲዲኤንኤ (ከአርኤንኤ የተቀዳ ዲኤንኤ) ሠራሁ። ፎርዋርዱ ኤክሶን 6 ላይ፣ ሪቨርሱ ኤክሶን 8 ላይ፣ 35 ዙር። የምጠብቃቸው ሁለቱ ባንዶች፣ ማለትም ሙሉውና ኤክሶን 7 የጎደለው፣ በ54 ቤዝ ተራርቀው ይታያሉ። ግን ከሁለቱም በላይ አንድ ደብዘዝ ያለ ሦስተኛ ባንድ አለ። አንድ ጓደኛዬ «ጂኖሚክ ዲኤንኤ ነው፣ ዲኤንኤዙን ድገሚው» ብሎኛል። ደገምኩት፤ አልሄደም።

ሦስተኛ፣ አንድ የሕፃናት ሐኪም ሰውነቱ የላላ ሕፃን ናሙና ሊልኩልኝ ይፈልጋሉ። በዚህ ዘዴ መልስ ልሰጣቸው እችላለሁ?

የጦሳ_ልጅ

አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራ-ዋኑ አይደለም፤ ሃይ-ፊደሊቲ ኢንዛይሙ ነው።

የኤክሶን 7 መነሻ በኤስኤምኤን1 ላይ ጂ-ጂ-ቲ-ቲ-ቲ-ሲ-ኤ-ጂ-ኤ-ሲ ነው። በኤስኤምኤን2 ስድስተኛዋ ሲ ወደ ቲ ትለወጣለች፣ ሌላው ያው ነው። ድራ-ዋን የሚፈልገው ቲ-ቲ-ቲ-ኤ-ኤ-ኤ ነው፣ የሚቆርጠውም እኩል መሃሉ ላይ። የኤስኤምኤን2 ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ግን ቲ-ቲ-ቲ-ኤ-ጂ-ኤ ስለሆነ እንዳለ ቢቀርብለት አይነካውም። ያቺን ጂ ወደ ኤ የሚቀይራት ሪቨርስ ፕራይመርሽ ነው፤ የተሳሳተችው ፊደል የተቀመጠችው ከፕራይመሩ 3-ፕራይም ጫፍ ሁለተኛዋ ላይ ነው። ሃይ-ፊደሊቲ ኢንዛይም ደግሞ ሥራው ጫፍ ላይ ያልተጋጠመ ፊደል ሲያገኝ ወደኋላ ተመልሶ መብላትና አስተካክሎ መሙላት ነው። ስለዚህ ፕራይመርሽን «አርሞልሻል»፤ ድራ-ዋን የሚቆርጥበት ቦታ ከእነጭራሹ አልተፈጠረም። ሌሊቱን ሙሉ ብታቆዪውም 188 ይቆማል።

ተራ ታቅ (ስህተት የማያርም የፒሲአር ኢንዛይም) ተጠቀሚ። የታቅና የአራሚ ኢንዛይም ድብልቅ የሆኑ ማስተር ሚክሶችም አሉ፤ ጠርሙሱ ላይ «ሎንግ» ወይም «ፊደሊቲ» የሚል ካየሽ ተዪው። ሌላ የለም ከተባለ ፕራይመሩን ስታዢ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ማያያዣዎች ፎስፎሮታዮኤት እንዲሆኑ ጠይቂ፤ አራሚው በቀላሉ አይበላቸውም። ግን ታቅ ርካሽ ነው፣ ለምን ትደክሚያለሽ።

ለ25 ማይክሮሊትር፦ 10 እጥፍ በፈር 2.5፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ (25 ሚሊሞላር) 1.5፣ ዲኤንቲፒ (እያንዳንዱ 10 ሚሊሞላር) 0.5፣ ሁለቱ ፕራይመሮች (10 ማይክሮሞላር) 1 እና 1፣ ታቅ (በማይክሮሊትር 5 ዩኒት) 0.2፣ ዲኤንኤ (በማይክሮሊትር 25 ናኖግራም) 2፣ ውሃ 16.3። በፈሩ ማግኒዥየም ያለበት ከሆነ ማግኒዥየሙን ትተሽ በውሃ ተኪው። 95 ዲግሪ 3 ደቂቃ፤ ከዚያ 95 ለ30 ሰከንድ፣ 55 ለ30፣ 72 ለ30፣ 35 ጊዜ፤ መጨረሻ 72 ላይ 5 ደቂቃ። 55ቱን በራስሽ ማሽን ከ52 እስከ 58 ግራዲየንት አስኪደሽ አረጋግጪ።

ቆረጣው በ20 ማይክሮሊትር፦ ምርት 10፣ ከኢንዛይሙ ጋር የመጣው 10 እጥፍ በፈር 2፣ ውሃ 7፣ ድራ-ዋን 1። ኢንዛይሙን ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ በላይ አታድርጊ፤ ግሊሰሮሉ ሲበዛ ኢንዛይሙ ያልታዘዘውን ይቆርጣል። ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ካልቸኮልሽ ያድር። ቱቦው ክዳን ላይ ጤዛ እንዳይዝ የፒሲአር ማሽኑን የክዳን ማሞቂያ አብሪና እሱ ውስጥ አስቀምጪው፤ በውሃ ገንዳ ካደረ ግማሹ ክዳኑ ላይ ይገኛል፣ ከታች የቀረው ይወፍርና በፈሩ ይዛባል።

ኢንዛይሙ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ላምዳ ዲኤንኤ ቁረጪበት። ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ከተበተነ ደህና ነው። ይህን ሳታደርጊ አዲስ ድራ-ዋን አትዘዢ።

ጄሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የደሴ ነገር ስለሆነ ፕሮቶኮል ላይ አታገኚውም። 188ን ከ164 ለመለየት 2 ፐርሰንት አይበቃም፣ 3 ወይም 4 ያስፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ተራ አጋሮስ የሚቀልጠው ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ወደ 90 ላይ። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ ወፍራም ጄል ፈልቶ እየገነፈለ ውስጡ ግን ያልቀለጠ ፍሬ ይቀራል፤ ባንዱ የሚጣመመው በእሱ ነው። 3 ግራሙን በ100 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ቲቢኢ (የጄል በፈር) ላይ ነስንሰሽ 15 ደቂቃ ይረስ። ጠርሙሱን ከነይዘቱ መዝኚ። በማይክሮዌቭ 20፣ 20 ሰከንድ እያልሽ፣ በየመሃሉ አረፋ ሳታስነሺ እያዞርሽ፣ ብርሃን ላይ ስታዪው አንድም የሚንሳፈፍ ቅንጣት እስኪጠፋ። መጨረሻ ላይ እንደገና መዝነሽ የጎደለውን በሙቅ የተጣራ ውሃ ሙዪ፤ ካልሞላሽ 3 ፐርሰንት ብለሽ የጀመርሽው ወደ 4 ይጠጋል፣ በፈሩም ይወፍራል። በሴንቲሜትር 5 ቮልት፣ ሳትቸኩዪ። 24 ቤዟን አትጠብቂያት፤ የፕራይመሩ ርዝመት ያህል ስለሆነች ከፕራይመር ትርፍ ጋር ተደባልቃ ትወርዳለች።

ቦርከና_ላብ (ኮምቦልቻ)

የጦሳ_ልጅ ዲኤንኤውን ጨርሶታል። ስለ ሦስተኛው ባንድ ልመለስ።

ጂኖሚክ አይደለም። ከኤክሶን 6 እስከ ኤክሶን 8 ድረስ በጂኖሙ ላይ ብትሄጂ መሃል ላይ ኢንትሮን 6 አለ፣ እሱ ብቻውን ወደ 6 ሺህ ቤዝ ይጠጋል፤ ኢንትሮን 7 ደግሞ 444 ነው። በ30 ሰከንድ ማራዘሚያ 6 ሺህ ቤዝ አይወጣም፤ ቢወጣም ከጄልሽ አናት ላይ እንጂ ከሙሉው ባንድ ትንሽ ከፍ ብሎ አይቀመጥም። ዲኤንኤዙን መቶ ጊዜ ብትደግሚው አይነካውም። (ፎርዋርድ ፕራይመርሽ ኤክሶን 7 ላይ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ ልክ በሆነ ነበር፤ ያኔ በመሃል ያለው 444ቱ ብቻ ነው።)

ያለሽ ሄትሮዱፕሌክስ ነው። በ35 ዙር መጨረሻ ፕራይመሩ ያልቅና ሰንሰለቶቹ ከአዲስ ፕራይመር ይልቅ እርስ በርሳቸው መጋጠም ይጀምራሉ። አንዱ የሙሉው ሰንሰለት ከአንዱ የጎደለው ሰንሰለት ጋር ሲጋባ 54ቷ ፊደል አጣማጅ አጥታ እንደ ጉብታ ትወጣለች። ጉብታ ያለው ዲኤንኤ ጄል ውስጥ ይጎተታል፤ ስለዚህ ከሙሉውም በላይ ይታያል። በአክሪላማይድ ላይ ደግሞ ይብስበታል፣ ሁለት ሆኖም ሊወጣ ይችላል፤ ጉብታው በላይኛው ወይም በታችኛው ሰንሰለት ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የጨረሰውን ምርት 1 ለ10 በአዲስ ሚክስ (አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ዲኤንቲፒ፣ አዲስ ታቅ) አቅጥነሽ 3 ዙር ብቻ አስኪጂው። ሦስተኛው ባንድ ከጠፋ ወይም እጅግ ከደበዘዘ ሄትሮዱፕሌክስ ነበር። እንዳለ ከቆየ ሌላ ነገር ፈልጊ።

ለቋሚ መፍትሔ ዙሩን ቀንሺ። አንድ ትልቅ ሚክስ ሠርተሽ በ22፣ በ24፣ በ26፣ በ28 እና በ30 ዙር ላይ አንዳንድ ቱቦ እያወጣሽ በአንድ ጄል ጫኚ። የሁለቱ ባንዶች ጥምርታ ሳይለወጥ ድምቀታቸው ብቻ የሚጨምርበት ክልል ላይ ቁሚ። ለደም ብዙ ጊዜ 26 አካባቢ ነው፤ ግን የሲዲኤንኤሽ መጠን ይወስነዋል። ይህን ከተውሽ ከባንዱም የባሰ ችግር አለ፤ አጭሩ ምርት ቀድሞ ስለሚባዛ በ35 ዙር ላይ የጎደለው ከእውነቱ በላይ ይገንናል፣ ቁጥርሽም ይዋሻል።

ስታሰዪ ደግሞ ድምቀቱን በርዝመት አካፍዪ። ማቅለሚያው የሚቆጥረው ቤዝ እንጂ ሞለኪውል አይደለም። ለምሳሌ ሙሉው 300 ቤዝ፣ የጎደለው 246 ቤዝ ቢሆንና ድምቀታቸው 600 እና 246 ቢነበብ፣ 600 ለ300 ሲካፈል 2፣ 246 ለ246 ሲካፈል 1፤ ስለዚህ ሙሉው ከሦስት ሁለት እጅ፣ 67 ፐርሰንት ነው። ሳታካፍዪ ብታሰዪው 71 ይልሻል።

አሁን ዋናው። ጤነኛ ሰው ላይ ሙሉው ባንድ የኤስኤምኤን1 ይሁን የኤስኤምኤን2 በዓይን አይለይም። ስድስተኛዋን ፊደል ተጠቅሜ እለያለሁ እንዳትዪ፤ ኤክሶን 7 ከጎደለው ላይ ፊደሏም አብራ ጎድላለች። የሚለየው ኤክሶን 8 ላይ ያለው የጂ እና ኤ ልዩነት ነው፤ በኤስኤምኤን2 ላይ ዲዲኢ-ዋን የተባለው ኢንዛይም የሚቆርጥበትን ቦታ ይፈጥራል። ሪቨርስ ፕራይመርሽ ከዚያች ፊደል በታች ማረፉን አረጋግጪ፤ በላይ ከሆነ ቆረጣው ትርጉም የለውም። ከዚያ ያልተቆረጠው የኤስኤምኤን1፣ የተቆረጠው የኤስኤምኤን2 ይሆናል፣ እያንዳንዱም ሙሉና ጎደሎ አለው። ዲዲኢ-ዋን ሌላ ቦታም ሊቆርጥ ስለሚችል የራስሽን ምርት ቅደም ተከተል በኮምፒውተር ቆርጠሽ ርዝመቶቹን ቀድመሽ ጻፊ።

ፎርዋርድ ፕራይመሩን ወደ ኤክሶን 4 አትመልሺው። ኤክሶን 5 የሚጎድልባቸው ቅጂዎችም አሉ፤ 96 ቤዝ ስለሆነ ባንዱ ይበዛና ግራ ያጋባል።

ሐይቅ_ዳር

ይቅርታ፣ ከመስኩ ትንሽ ወጣ ያልኩ ነኝ፤ ላብራቶሪ እንጂ ጄኔቲክስ አይደለሁም። ያቺ ስድስተኛዋ ፊደል ብትለወጥም አሚኖ አሲዱ ያው ነው ይባላል። ታዲያ ፕሮቲኑን ካልለወጠች ምኑ ላይ ነው ጉዳቷ?

አዝዋ_ገደል

ልክ ነህ፣ ቲ-ቲ-ሲ እና ቲ-ቲ-ቲ ሁለቱም ፌኒልአላኒን ናቸው። ጉዳቷ ኮዱ ላይ ሳይሆን ስፕላይሲንጉ (ኢንትሮኖች ወጥተው ኤክሶኖች የሚገጣጠሙበት ሥራ) ላይ ነው። የስፕላይሲንግ ማሽኑ ኤክሶንን የሚያውቀው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ አይደለም፤ በውስጡም «ይህን አስገባ» እና «ይህን ዝለል» የሚሉ አጫጭር ምልክቶች አሉ። ሲ ባለችበት ኤስአርኤስኤፍ1 የሚባለው ፕሮቲን ይይዝና ኤክሶን 7 እንዲገባ ይረዳል፤ ይህ በፈረንጆች 2002 የታየ ነው። ቲ ስትሆን ያ መያዣ ይዳከማል፣ በምትኩ ኤችኤንአርኤንፒ-ኤ1 የሚያርፍበት የማስዘለያ ምልክት ይፈጠራል፤ ይህ ደግሞ በ2003። የትኛው ይበልጣል ብለው ሰዎቹ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኔ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ ባይ ነኝ። ኤክሶን 7 ራሱ ደካማ ነው፣ የ5-ፕራይም መቁረጫ ቦታውም ጥሩ አይደለም፤ ለዚህ ነው አንዲት ፊደል ሚዛኑን የምትገለብጠው።

ውጤቱ፦ ከኤስኤምኤን2 ከሚወጣው ኤምአርኤንኤ ሙሉው ከ10 እስከ 20 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ኤክሶን 7 የጎደለው ነው። የጎደለው ኤምአርኤንኤ በሴሉ የጥራት ቁጥጥር አይጠፋም፤ አዲሱ ማቆሚያ ኮዶን የሚያርፈው በመጨረሻው ኤክሶን፣ በ8ኛው ላይ ስለሆነ የሚያሳብቅበት የኤክሶን መጋጠሚያ ከኋላው የለም። ለዚህም ነው ላኮመልዛ በጄሏ ላይ ደማቅ አድርጋ የምታየው። የሚጠፋው ፕሮቲኑ ነው፤ ከ294ቱ አሚኖ አሲድ የመጨረሻዎቹ 16 ቀርተው በ4 ሌሎች ይተካሉ፣ እርስ በርሱ መያያዝ ይሳነውና ቶሎ ይፈርሳል።

ይህ ጂን ራሱ የኤምአርኤንኤ ዝግጅት ሠራተኛ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከረው። የኤስኤምኤን ፕሮቲን ጄሚን ከሚባሉት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ሰባት የኤስኤም ፕሮቲኖችን ቀለበት አድርጎ በዩ1፣ ዩ2፣ ዩ4 እና ዩ5 ትንንሽ አርኤንኤዎች ላይ ይገጥማል። ዩ6 ሌላ ቀለበት ስላለው በዚህ መንገድ አያልፍም። እነዚህ ተገጥመው ወደ ኒውክሊየስ ተመልሰው ነው የሴሉን ኤምአርኤንኤ ሁሉ የሚቆርጡትና የሚገጣጥሙት። ሁሉም ሴል የሚፈልገው ነገር ጎድሎ ሳለ ለምን የአከርካሪ ሞተር ነርቮች ቀድመው እንደሚሞቱ ግን እስከ ዛሬ አንድ መልስ ላይ አልተደረሰም።

መድኃኒቱም እዚሁ ምልክት ላይ ነው የሚሠራው። ኢንትሮን 7 ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጥቂት ቤዝ ወረድ ብሎ፣ አይኤስኤስ-ኤን1 የሚባል የማስዘለያ ቦታ አለ፣ በ2006 የተገለጸ። ኑሲነርሰን ያንን ቦታ የሚሸፍን 18 ፊደል ያለው አንቲሴንስ ነው፤ ሲሸፈን ኤስኤምኤን2 ኤክሶን 7ን ማስገባት ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 2016 በፈረንጆች አቆጣጠር ጸደቀ። ሪስዲፕላም በ2020 የጸደቀ፣ በአፍ የሚወሰድ ሲሆን እሱም የኤስኤምኤን2ን ስፕላይሲንግ ያስተካክላል። በ2019 የመጣው ኦናሴምኖጂን የተለየ ነው፤ ስፕላይሲንግን አይነካም፣ ጤነኛውን ጂን በቫይረስ ጭኖ ያደርሳል።

ላኮመልዛ_ባዮ

ወላሂ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ኢንዛይሙ በእርግጥ አራሚ ነው። በታቅ እደግመዋለሁ። ሁለት ነገር ግን፦ በታቅ ሲሠራ በጤነኛ ሰው ላይ 188 እና 164 እኩል መሆን አለባቸው? ደግሞስ ኤስኤምኤን1 የሌለው ኮንትሮል ከየት ላምጣ?

የጦሳ_ልጅ

እኩል አይሆኑም፣ አትጠብቂ። ቦርከና ያለው ሄትሮዱፕሌክስ እዚህም አለ። ሁለቱ ጂኖች እኩል ቅጂ ቢኖራቸውና ሰንሰለቶቹ መጨረሻ ላይ በዘፈቀደ ቢጋጠሙ፣ አንድ አራተኛው ኤስኤምኤን1 ከኤስኤምኤን1፣ አንድ አራተኛው ኤስኤምኤን2 ከኤስኤምኤን2፣ ግማሹ ቅይጥ ይሆናል። ድራ-ዋን ቅይጡን አይቆርጥም። ስለዚህ በከፋው ጊዜ 188ቱ ሦስት እጅ፣ 164ቱ አንድ እጅ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ድምቀት የቅጂ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ብታዪ አትመኚው። ኤስኤምኤን1 በጭራሽ የሌለው ሰው ላይ ግን ቅይጥ ስለማይኖር 188 ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ዘዴው የተሠራውም ለዚያ ጥያቄ ብቻ ነው።

ለኮንትሮል 300 ቤዝ ያህል ሰው ሠራሽ የኤስኤምኤን2 ቁራጭ እዘዢ፤ ፕራይመሮቹ የሚያርፉበትን ሁሉ የያዘ፣ ስድስተኛዋ ቲ፣ ስምንተኛዋ (ፕራይመሩ የሚቀይራት) ግን ተፈጥሯዊዋ ጂ የሆነች። ስምንተኛዋን ኤ አድርገሽ ካዘዝሽ ፕራይመርሽ ባይሠራም ይቆረጥና ያታልልሻል። ለአንድ ፒሲአር 10 ፌምቶግራም ይበቃል፤ ወደ 30 ሺህ ቅጂ ነው፣ ከ50 ናኖግራም የሰው ዲኤንኤ ጋር ይቀራረባል። የመጣውን ደረቅ ዱቄት የምትቀልጪበት ክፍል ፒሲአር የምታዘጋጂበት እንዳይሆን። አንድ ናኖግራም ብትነካኪ 3 ቢሊዮን ቅጂ ነው፤ በፒፔት ጫፍ ገብቶ የሁሉንም ናሙና ኤስኤምኤን2 ያስመስለዋል።

ኤስኤምኤን2 በተፈጥሮው የሌለው ጤነኛ ሰውም አለ። የእሱ ናሙና 188 ብቻ ሲያሳይ ኢንዛይሙ ሰነፈ ወይስ ሰውየው የለውም? ከዚያ ሰው ምርት 5 ማይክሮሊትርና ከሰው ሠራሹ ኮንትሮል ምርት 5 ማይክሮሊትር በአንድ ቱቦ ቀላቅለሽ ሳታሞቂ ቁረጪ። 164 ከወጣ ኢንዛይሙ ሠርቷል፤ ሰውየው የለውም ማለት ነው።

ዶክተር_ቦሩ

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ፦ ለሐኪሙ በቃልም ቢሆን ውጤት አትስጪ፣ ቢያንስ ዘዴው ተረጋግጦ እስኪያልቅ።

የዚህ ዘዴ ስህተት ወደ መጥፎው ጎን ነው የሚያጋድለው። ቆረጣው ሳይጠናቀቅ ቢቀር የታመመው ሕፃን 188 ያሳይና «ኤስኤምኤን1 አለው» ተብሎ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሙከራሽ ያንን ናሙና ጭነሽ ቢሆን ኖሮ ያወጣሽው ይህንኑ ነበር። በቅርብ ጊዜ ውስጥ መታከም ያለበት ሕፃን በዚህ ምክንያት ጊዜ ያጣል።

ሁለተኛ፣ ከታማሚዎቹ ወደ 95 ፐርሰንት ገደማ የሚሆኑት ናቸው ኤክሶን 7ን በሁለቱም ኤስኤምኤን1 ላይ ያጡት። የቀሩት በአንዱ ክሮሞዞም መጥፋት፣ በሌላው ነጥብ ሚውቴሽን ያለባቸው ናቸው፤ እነሱ በድራ-ዋን ጤነኛ ይመስላሉ። ሦስተኛ፣ ወላጆቹን ተሸካሚ ናቸው አይደሉም ብለሽ በዚህ መመለስ አትችዪም፤ አንድ ቅጂም ሁለት ቅጂም 188 ያወጣል። የጂን ቅጂ የሚቆጥሩት ኤምኤልፒኤ ወይም ዲጂታል ፒሲአር እንኳ ሁለቱ ቅጂ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተደርድረው ሌላው ባዶ የሆነበትን ተሸካሚ አያይም፤ ይህ አደራደር ደግሞ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በብዛት ይገኛል።

ለሐኪሙ ማለት የምትችዪው ይህን ነው። ሕፃኑ ዕድሜው 6 ወር ሳይሞላ የላላ፣ የጅማት ሪፍሌክሱ የጠፋ፣ ምላሱ የሚርገበገብ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ በሆዱ የሚተነፍስ፣ ዓይኑ ግን ንቁና ሰው የሚከታተል ከሆነ፣ ውጤትሽን ሳይጠብቁ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው፣ ከፀሐይ ርቆ ቢያንስ 3 ሰዓት አድርቀው፣ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በፖስታ ኤምኤልፒኤ ወደሚሠራ ላብራቶሪ ይላኩ። በረዶ አያስፈልገውም፤ ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር የአውቶቡስ መንገድ አይጎዳውም። ከዚያ የኤስኤምኤን2 ቅጂ ቁጥርም አብሮ ይጠየቅ፤ ሁለት ቅጂ ያላቸው በብዛት ወደ ከባዱ ዓይነት፣ ሦስትና አራት ያላቸው ወደ ቀለሉት ያዘነብላሉ። ለአንድ ሕፃን ግን ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ ኤክሶን 7 ውስጥ ያለች ሌላ የጂ ወደ ሲ ለውጥ ለብቻዋ በሽታውን ታቀላለች።

የኑሲነርሰን መጠን ለጠየቀሽ ካለ 12 ሚሊግራም በአከርካሪ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ሁለት ወር ገደማ አራት ጊዜ፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ዕድሜ ልክ ነው። ዋጋውን አላነሳም።

ሐይቅ_ዳር

ዶክተር እናመሰግናለን፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ላኮመልዛ፣ ደሙን በምን ቱቦ ነው የምትሰበስቢው? ሄፓሪን ከሆነ ፒሲአሩን ያንቃል።

ላኮመልዛ_ባዮ

በኢዲቲኤ ነው። ዶክተር፣ ለሐኪሙ የወረቀቱን ነገር ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ አርኤንኤ እያወጣሁ መሃል ላይ መብራት ሲሄድ የት ላይ ማቆም ይሻለኛል?

ቦርከና_ላብ

በመጀመሪያ ከቱቦ ወደ ትራይዞል (ሴል አፍርሶ አርኤንኤን የሚጠብቅ ፈሳሽ) በፍጥነት ግቢ። ደም በክፍል ሙቀት ሲቆይ ሴሎቹ ይቆጣሉ፣ ስፕላይሲንጉም ከሰውየው ሳይሆን ከቱቦው የመጣ ይሆናል። በ2 ሰዓት ውስጥ ቀይ ሴሎቹን አፍርሺ (155 ሚሊሞላር አሞኒየም ክሎራይድ፣ 10 ሚሊሞላር ፖታሲየም ባይካርቦኔት፣ 0.1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ፣ የደሙ 5 እጥፍ፣ 10 ደቂቃ)፣ 400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) ላይ አዙረሽ ነጩን ዝቃጭ በ1 ሚሊሊትር ትራይዞል በጣጥሺው።

ከዚያ 0.2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም፣ 12,000 ጂ፣ 15 ደቂቃ፣ 4 ዲግሪ። ሴንትሪፉጅሽ ጂ ካላሳየ፣ የሮተርሽ ራዲየስ 8.4 ሴንቲሜትር ቢሆን 11,300 ዙር በደቂቃ ነው፤ የሌላ ሮተር ከሆነ አስዪው፣ በግምት አታዙሪ። መብራት የሚሄደው እዚህ ላይ ከሆነ መጥፎ ነው፤ ሴንትሪፉጁ ቀስ ብሎ ሲቆም ሁለቱ ንብርብሮች መልሰው ሊደባለቁ ይችላሉ። እንዳለ ተዪውና መብራት ሲመጣ 15ቱን ደቂቃ እንደገና ከዜሮ አዙሪ፤ በግማሽ የተለየውን አትቅጂ፣ ጂኖሚክ የሚገባው ከዚያ ነው።

የላይኛውን ግልጽ ፈሳሽ ከመሃለኛው ነጭ ንብርብር 2 ሚሊሜትር ያህል ትተሽ ቅጂ፣ ግማሽ ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖል ጨምሪ፣ 10 ደቂቃ፣ እንደገና 12,000 ጂ 10 ደቂቃ። ዝቃጩን በ1 ሚሊሊትር 75 ፐርሰንት ኤታኖል እጠቢ። ማቆሚያሽ እዚህ ነው፤ በኤታኖሉ ውስጥ እንዳለ በ4 ዲግሪ አንድ ሳምንት፣ በሲቀነስ 20 አንድ ዓመት ይቆያል፤ ማቀዝቀዣው አንድ ሌሊት ቢያጣ ምንም አይሆንም። በውሃ ከቀለጠ በኋላ ግን ያው ሌሊት ይገድለዋል። ስለዚህ ያንኑ ቀን ሲዲኤንኤ የማትሠሪበትን ናሙና አታቅልጪው።

ኤታኖሉን ስታወጪ 7,500 ጂ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ 5 ደቂቃ አየር ይምታው። ጠርዙ ግልጽ ሆኖ መሃሉ ገና ነጣ ያለ ሲሆን ውሃ ጨምሪ፤ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ አይሟሟልሽም። ሲዲኤንኤ ስትሠሪ የምትጀምሪው 65 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ ነው፣ በፒሲአር ማሽኑ። እና የሆነ ቦታ «95 ዲግሪ፣ በፈላ ውሃ» የሚል ፕሮቶኮል ካገኘሽ ደሴ ላይ እንዳትሞክሪው፤ ኮምቦልቻም ከ94 አያልፍም።